ትነሳለች፣ ግን ትቆማለች ወይ?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጭኖ የወረደ ሰው የሀረጎን ቁልቁለት ያውቀዋል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በሁለቱ መሀል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ያን ሁሉ ከፍታ በዚያች አጭር መንገድ ትወርዱታላችሁ፣ ኩርባ በኩርባ ላይ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ ይጨመርበታል። አንዳንድ ጠዋት ከፊታችሁ ያለው መኪና መብራቱ እንኳን አይታይም።

እኔ በዚያ ቁልቁለት ላይ የእህቴን ልጅ ላጣው ነበር። ጥፋቱም የኔ ነው። ይህን የምጽፈው በፒክአፕ ጭነት እየሠራችሁ እንጀራ ለምትበሉ ነው። ቤት ለመሥራት ሲሚንቶና ፌሮ በዘመድ መኪና ለምታስጭኑም ጭምር። እኔ የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ ብዬ ነው።

መኪናዋን የገዛሁት በ2009 ዓ.ም. ነው። ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ፣ ናፍጣ። ለዓመታት ሱቅ ተቀጥሬ ያጠራቀምኩትን አወጣሁ። እናቴ ሁለት በሬ ሸጠች። የጎደለውን አጎቴ አበደረኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዕዳዬን ነበር የማስበው። አንድ ምልልስ በቀነስኩ ቁጥር አንድ ምልልስ ናፍጣ አተርፋለሁ። ሁለት ጊዜ የሚሄደውን አንዴ ከጫንኩት ደግሞ ደንበኛውም ይደሰታል፣ እኔም አተርፋለሁ። ብዙዎቻችን የምንጀምረው እንዲህ ነው። ክፋት የለውም፣ ችግር ነው።

የምጭነውን የምለካው በዓይኔ ነበር። ባሌስትራው፣ ከሥሯ ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ቅጠል፣ ሲተኛ ይበቃል እላለሁ። ጫኞቹ ደግሞ “አብሽር፣ ትችላለች!” ይሉኛል። እውነትም ትነሳ ነበር። ሞተሯ ጠንካራ ነው፣ በአንደኛ ማርሽ ምኑንም ይጎትተዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ “ትነሳለች” ማለት “ትችላለች” ማለት ይመስለኝ ነበር። ለካ ማንሳትና ማቆም የተለያየ ነገር ነው። የሚያነሳው ሞተሩ ነው። የሚያቆመው ፍሬኑ፣ ጎማውና የምትወርዱበት ማርሽ ነው። ማንም ሰው መኪና ሲጫን ቆሞ “ትነሳለች ወይ?” ይላል። “ሀረጎ ላይ ትቆማለች ወይ?” ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ከስህተቶቼ ሁሉ ትልቁ ባሌስትራ ማስጨመሬ ነው። ኋላዋ ብዙ ሲተኛብኝ አንድ ጋራዥ ወስጄ በሁለቱም ጎን ቅጠል አስጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ 13 ኩንታል ጭኜም ቀጥ ብላ ትቆማለች። ደስ አለኝ። አቅሟን ያሳደግኩ መሰለኝ። እስቲ አስቡት፤ ፍሬኑ ያው የድሮው ነው። አክሰሉ ያው ነው። ኩሽኔታውም፣ ሻንሲውም፣ ቸርኬውም ያው ነው። የተቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መኪናዋ “በዛብኝ” ስትል የምትነግረኝ በኋላዋ መተኛት ነበር፣ እኔ አፏን ዘጋሁት። ባሌስትራ ያስጨመራችሁ ካላችሁ አልኮንናችሁም። ሊብሬያችሁ ላይ ካለው የጭነት ቁጥር በላይ ግን በዚያ ተማምናችሁ አትጫኑ።

ከዋናው አደጋ በፊት ሁለት ጊዜ ተነግሮኝ ነበር። አልሰማሁም።

የመጀመሪያው ባቲ መንገድ ላይ ነው። ሰኞ ነው፣ የባቲ ገበያ ቀን። ከኮምቦልቻ ስኳርና ዕቃ ጭኜ ደጋንን አልፌ ስወርድ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ቀጥ ያለ መንገድ ስለነበር መሪው በእጄ ቆየ። ባቲ ያለው ጎሚስታ የፈነዳውን ጎማ አገላብጦ አየና “ይህ የተቃጠለው ከውስጥ ነው” አለኝ። ነፋሱ ትንሽ ነበር፣ ጭነቱ ብዙ ነበር፣ ቆላው ሞቃት ነው። ነፋሱ ያነሰው ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ ይተጣጠፋል። የተጣጠፈ ላስቲክ ይግላል። የጋለ ጎማ ይፈነዳል። ጎማው ጎን ላይ ያለውን የጭነት አቅም ቁጥር ያሳየኝም እሱ ነው። 104 የሚል ካለው አንዱ ጎማ የሚችለው 900 ኪሎ ነው። 112 የሚል ከሆነ 1,120 ኪሎ ነው። እኔ በርካሽ የገዛሁት የቤት መኪና ጎማ 94 ይላል፣ ያ 670 ኪሎ ነው። አስተውሉ፣ ጎማው የሚሸከመው የጫናችሁትን ብቻ አይደለም፣ የመኪናዋን የራሷን ክብደትም ነው። ለኋላ ጎማ የሚበቃውን ነፋስ ደግሞ የሹፌሩ በር አጠገብ የተለጠፈው ወረቀት ይነግራችኋል። ባዶና ሙሉ ጭነት ለየብቻ የሚጽፍ አለ። የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ነው።

ሁለተኛው ወደ ሐይቅ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቆርቆሮ ነበር የጫንኩት። የክብደቱ ነገር ምንም አይደለም፣ ቀላል ጭነት ብዬ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አሰርኩት። ነፋስ ከፊት በኩል ገባበትና ላዩን ያለውን ቆርቆሮ አነሳው። ከኋላዬ የሚመጣው ባጃጅ ጠምዝዞ አለፈው። የባጃጁ ሹፌር ወርዶ ምንም አልተናገረኝም። ቆሞ አየኝ ብቻ። ያ ዓይን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ላስቲክ ይለጠጣል፤ ለጭነት ማሰሪያ አይሆንም። ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ፊቱን አጥብቃችሁ ሳትይዙ አትነሱ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ።

ነሐሴ ነው። ሐርቡ ቤት የሚሠራ ሰው ነበር። ደሴ ያለ ዘመዱ ሲሚንቶና ፌሮ በዱቤ ሰጠው፣ ስለዚህ ከደሴ ወደ ሐርቡ ማውረድ ነበረብን። 20 ከረጢት ሲሚንቶና 30 ባለ 12 (ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር) ፌሮ። “ወንድሜ፣ በአንድ ምልልስ አድርስልኝ፣ ሁለት ጊዜ የምከፍለው የለኝም” አለኝ። አሳዘነኝ። እሺ አልኩት። ዛሬ ላይ ሆኜ ስደምረው እንዲህ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፣ 20ው 1,000 ኪሎ። ባለ 12 ፌሮ 12 ሜትሩ ከ10 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል፣ 30ው 320 ኪሎ። ጋቢና ውስጥ እኔ፣ ባለ ዕቃውና የእህቴ ልጅ ነን፣ ከ200 ኪሎ አናንስም። ሲጠቃለል 1,500 ኪሎ አለፈ። ሊብሬዬ ላይ ያለው 10 ኩንታል ነው። ያን ቁጥር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን አላነበብኩትም።

ክብደቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እንተርፍ ነበር። አጫጫኑ ባሰ። ጫኞች ሲሚንቶ ሲጭኑ ካሶኒው፣ ማለትም የጭነት ሳጥኑ፣ ላይ ወጥተው እስከ ፊት ድረስ መደርደር ይደክማቸዋል። አይፈረድባቸውም፣ ቀኑን ሙሉ ሸክም ላይ ናቸው። ከኋላ በር በኩል ይደረድሩና ከጋቢናው ጋር አንድ እርምጃ የሚያህል ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ያን ቀንም እንዲሁ ሆነ፣ እኔ ደግሞ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ፌሮው ከመሀሉ ታጥፎ ሲሚንቶው ላይ ተጋደመ። የታጠፈ ፌሮ 6 ሜትር ነው። የካሶኒዬ ርዝመት ከ2 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ከግማሹ በላይ ከኋላ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርንበት። የፊቱ ጫፍ ከጋቢናው የኋላ መስታወት ፊት ለፊት ነው። በሁለት ቦታ በናይለን ገመድ ታሰረ። የሲሚንቶ ከረጢት ያንሸራትታል። ናይለን ገመድ ሲረጥብ ይላላል። ያን ቀን ደግሞ ያካፋ ነበር።

ገና ከከተማው ስንወጣ መሪው ቀለለኝ። ሳዞረው ፊቷ ዘግይታ ነው የምትከተለኝ። ይህን ምልክት በደንብ ያዙልኝ። ከኋላ አክሰል ወዲያ የተንጠለጠለ ክብደት እንደ ሚዛን ዘንግ ነው፣ ፊቱን ያነሳዋል። ፊቱ ከተነሳ የፊት ጎማ አስፋልቱን በደንብ አይዝም፣ የማዞር ጉልበቱም የማቆም ጉልበቱም ይቀንሳል። መሪ ከቀለላችሁ ዳር ያዙና አውርዱ። እኔ ግን “ቀስ ብዬ እወርዳለሁ” አልኩ።

ቀስ ብዬ መውረዴ እውነት ነው። የወረድኩት ግን በአራተኛ ማርሽ፣ እግሬን ፍሬን ላይ ጭኜ ነው። ቀስ ማለትንና መጠንቀቅን አንድ አድርጌ ነበር የማስበው። አራት አምስት ኩርባ እንደወረድን የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ባለ ዕቃው “ይህ ከኛ ነው?” አለ። ከፊታችን ካለው አይሱዙ ነው አልኩት። ቀጥሎ ባለው ኩርባ ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ትንሽ ያዘ። ሦስተኛው ላይ ምንም የለም። ጉሙ ውስጥ የአይሱዙው የኋላ መብራት እየቀረበ መጣ።

ያን ጊዜ ያዳነን አንድ ነገር ነው። አጎቴ ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መንዳት ሲያስተምረኝ “ፍሬን እምቢ ካለህ ሞተር አታጥፋ፣ ማርሽ አትልቀቅ፣ ገደሉን ትተህ ተራራውን ያዝ” ብሎኝ ነበር። ወደ ሦስተኛ አወረድኩ። ሞተሩ ጮኸ። ወደ ሁለተኛ አወረድኩ፣ የበለጠ ጮኸ፣ ፍጥነቱ ተያዘ። የእጅ ፍሬኑን ትንሽ በትንሽ ሳብኩ። ክላክስ እያሰማሁ ወደ ተራራው በኩል ያለው ቦይ ውስጥ አስገባኋት። ተራራውን የነካው ጎኗ ሙሉ ተላጠ፣ ከዚያ ድንጋይ መትታ ቆመች።

መኪናዋ ቆመች እንጂ ጭነቱ አልቆመም። ሲሚንቶው በዚያ ባዶ ቦታ ተንሸራቶ ጋቢናውን ገጨው። ፌሮው የኋላውን መስታወት ሰብሮ ገባ። የእህቴ ልጅ መሀል ነበር የተቀመጠው። መኪናዋ ስትገጭ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ነበር። ፌሮው ከትከሻው ላይ ሥጋውን ቀዶ አልፎ ዳሽቦርዱ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ቢሆን ኖሮ አንገቱ ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጁ 17 ዓመቱ ነበር። ክረምት ትምህርት ስለተዘጋ እህቴ “ካንተ ጋር ሥራ ይማር” ብላ ነው የሰጠችኝ።

የአይሱዙው ሹፌርና ከኋላ የመጡ ሰዎች አወጡን። አንዲት እናት ነጠላዋን ቀዳ ትከሻውን አሰረችለት። ባለ ዕቃው እጁ ተሰብሮ “አብሽሩ፣ አብሽሩ፣ ነፍስ ተርፏል” እያለ እኛን ያጽናናል። ሆስፒታል 14 ስፌት ተሰፋ። ማታ እህቴ መጣች። እኔን አልተቆጣችም። ልጁ አጠገብ ተቀምጣ “ስንት ኪሎ ነበር የጫናችሁት?” ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። አላውቀውም ነበር።

መኪናዋን የፈታት በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። የኋላውን ታምቡር ከፍተው የፍሬን ሸራውን አሳዩኝ። ጠቁሮ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። የፍሬን ዘይቱን በጠርሙስ ቀዱልኝ፣ ቡና ይመስላል። “ይህን መቼ ነው የቀየርከው?” አሉኝ። መኪናዋን ከገዛሁ ወዲህ ቀይሬው አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ያስረዱኝ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ፍሬኑ ሲግል ቶሎ ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ጉልበት አያስተላልፍም። እግሬ የሰመጠው ለዚያ ነው። ሸራውም ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ። ቀጥለው “ሊብሬህን አምጣ” አሉኝ። ገልጠው ቁጥሩን በጣታቸው አሳዩኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም።

ከዚያ በኋላ አራት ወር አልሠራሁም። ስመለስ ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሥራዬ መኪናዋን ባዶዋን ማስመዘን ነበር። የመኪና ሚዛን ያለበት መጋዘን ሄጄ ናፍጣዋን ሞልቼ፣ እኔም ተቀምጬባት፣ ገመዱም ክሪኩም ስኮርታ ጎማውም እንዳለ አስመዘንኳት። ወረቀቱ ላይ ካለው ባዶ ክብደት በለጠ። የተጨመረው ባሌስትራና ያስበየድኩት የብረት ፍሬም ነው። መኪናዋ ከነጭነቷ ጠቅላላ ልትሆን ከምትችለው ክብደት ይህን ስትቀንሱ የሚቀረው ነው እውነተኛ አቅማችሁ። የኔ 8 ኩንታል ከግማሽ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ አድርጉት። አብሯችሁ የሚሄደው ሰውም ከዚሁ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ከዚያ የዕቃውን ክብደት በቃሌ ያዝኩ። ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት አንዱ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ 40 ብሎኬት ለኔ መኪና ይበቃታል። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 1,500 ኪሎ ይጠጋል፣ የረጠበው ይብሳል። ካሶኒውን በአሸዋ እስከ አፉ መሙላት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ታዩታላችሁ። ውሃ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው። በርሜል ውሃ 200 ኪሎ። ውሃ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፦ ግማሽ የሞላ በርሜል ኩርባ ላይ ውስጡ ይናወጣል፣ መኪናውን ይዞት ይሄዳል። ወይ ሙሉት ወይ ባዶ አድርጉት። ከኩታበር አካባቢ አጠና ስጭን ደግሞ ሳልጭን እጠይቃለሁ፦ መቼ ነው የተቆረጠው? ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከደረቀው ጋር በቁጥር አይወዳደርም። በጣም ይከብዳል።

አጫጫኑን በተመለከተ አሁን ሻይ አልጠጣም። ጫኞቹ ሲጭኑ አጠገባቸው ነኝ። ከባዱን ሁሉ ፊት ለፊት፣ ከጋቢናው ግድግዳ ጋር አስጠግተን እንጀምራለን። ከባዱ ታች፣ ቀላሉ ላይ። የክብደቱ መሀል ከኋላ አክሰል ትንሽ ወደ ፊት መዋል አለበት፣ ከአክሰሉ ወዲያ መሄድ የለበትም። ግራና ቀኙም እኩል። በጭነቱና በጋቢናው መሀል ክፍተት ከቀረ በእንጨት ወይም በአሮጌ ጎማ እሞላዋለሁ። ጫኞቹ መጀመሪያ ላይ ተሰላቹብኝ። አሁን 50 ብር እጨምርላቸዋለሁ፣ ራሳቸው “ፊት ድረስ አስጠጋው!” እየተባባሉ ይጭናሉ። ፌሮ ግን ከ3 ሜትር በላይ ከሆነ አልጭንም። ወይ ሻጩ ዘንድ ይቆረጥ፣ ወይ አይሱዙ ይውሰደው። ይህን ማንም ቢለምነኝ አልለውጠውም።

ማሰሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንንቀው እሱን ነው። ፍሬን በጉልበት ሲያዝ ጭነቱ ወደ ፊት የሚገፋው የክብደቱን 80 በመቶ በሚያህል ጉልበት ነው ብላችሁ አስቡ። የአውሮፓ የጭነት ማሰሪያ መለኪያም የሚሰላው በዚህ ነው። 1,000 ኪሎ ጭነት ከኋላችሁ 800 ኪሎ ሆኖ ይገፋችኋል ማለት ነው። ያን በአንድ ናይለን ገመድ አታቆሙትም። ለዚህ ነው ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ማስጠጋት ዋና የሆነው። ከዚያ በላይ ጥርስ ባለው መወጠሪያ የሚጠብቀውን ሰፊ ቀበቶ ግዙ። ውድ ነው፣ ግን ዓመታት ይኖራል። ሁለት በመስቀል፣ አንድ በአግድም አድርጌ አስራለሁ። መንጠቆውን ካሶኒው ላይ በተበየደው ቀለበት ላይ እንጂ በኋላ በር ላይ አታስሩ። የኋላ በር ለጭነት ጉልበት አልተሠራም። የቆርቆሮ ወይም የብረት ጠርዝ ቀበቶውን እንዳይበላው በመሀሉ የታጠፈ ጆንያ አድርጉ። ፀሐይ የበላው፣ የተበጣጠሰ ቀበቶ ደግሞ ይጣል፤ ቋጥራችሁ አትጠቀሙበት።

ቁልቁለት ስትወርዱ ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ምረጡ። ያንኑ መንገድ ጭናችሁ ብትወጡት በየትኛው ማርሽ ነበር የምትወጡት? በዚያው ውረዱ። እኔ ሀረጎን ጭኜ በሁለተኛ ነው የምወርደው፣ ቀለል ባለው ቦታ በሦስተኛ። የሚይዛችሁ ሞተሩ ይሁን። ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት፣ ይቀዝቅዝ። እግራችሁን ላዩ ላይ አስቀምጣችሁ አትውረዱ። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በባዶ መውረድ ደግሞ በጭራሽ አይሞከርም። ከኋላ ክላክስ የሚያደርግባችሁ ይኖራል። ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኙ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት። ከሸተታችሁ ቁሙ። ታኮ አድርጉና ጠብቁ። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አታፍሱበት፣ ይሰነጠቃል። ዝም ብሎ ይቀዝቅዝ። የፍሬን ዘይቱንም ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ።

ከሁሉ የከበደኝ ሰው መከልከል ነው። የኛ አገር ሰው መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ሲያነሳ ማለፍ ይከብዳል። ከገበያ የሚመለስ አለ፣ ለቅሶ የሚሄድ አለ፣ የታመመ የሚጠይቅ አለ። ድሮ ጭነቱ ላይ አምስት ስድስት ሰው አስቀምጥ ነበር። ምርቃታቸውን እወደው ነበር። አንድ ቀን ከአደጋው በኋላ ከሐይቅ ስመለስ አንዲት እናት በቆሎ ይዘው ቆመው ነበር። ጋቢናው ሞልቶ ነበር። “ልጄ፣ እላይ እቀመጣለሁ፣ ምን አለበት” አሉኝ። “እማማ፣ ጭነቱ ቢንሸራተት እርስዎን ይዞ ነው የሚሄደው፣ አልችልም” አልኳቸው። ተቀየሙኝ። ለባጃጅ የሚሆን ብር ሰጥቻቸው አለፍኩ። ምርቃት አላገኘሁም። ግን እላይ ቢቀመጡ ኖሮ ያን መንገድ ሙሉ ስፖኪዮ ውስጥ እሳቸውን እያየሁ ነበር የምነዳው።

ደንበኞችም ቀርተውብኛል። “የነ እገሌ መኪና 14 ኩንታል ይጭናል” ብለው የሄዱ አሉ። መጀመሪያ ያሳስበኝ ነበር፤ ዕዳዬ አላለቀም ነበርና። ቀስ በቀስ ግን ሌሎች መጡ። መስታወት የሚያስጭኑ፣ ፍሪጅ የሚያስጭኑ፣ ዕቃቸው እንዲሰበርባቸው የማይፈልጉ ሰዎች። ለአንድ ምልልስ የማስከፍለው ትንሽ ከፍ ብሏል። ሁለት ምልልስ የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣ ኪሎውን አብሬው ወረቀት ላይ እደምራለሁ። ቁጥሩን ሲያየው አብዛኛው ሰው ይስማማል። የሐርቡው ሰውዬ ራሱ ቤቱን የጨረሰው በኔ መኪና ነው፣ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ እየጫንኩለት።

የእህቴ ልጅ አሁን መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። ከሳምንቱ የተወሰኑትን ቀናት መኪናዋን እሱ ይነዳታል። ደሴን ስንለቅ፣ የሀረጎ ቁልቁለት ሳይጀምር ዳር ይዞ ይቆማል። ጭነት ከተነሳ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራሱን ያስተካክላል፣ ማሰሪያው የሚላላውም ያን ጊዜ ነው። ወርዶ በግራ በኩል ይዞራል፣ እኔ በቀኝ። ቀበቶውን አንድ በአንድ እየሳበ ይመጣል። የትከሻው ጠባሳ በሸሚዙ አንገት በኩል ትንሽ ይታያል። ሦስተኛው ቀበቶ ጋ ሲደርስ “አጎቴ፣ ይኼ ላልቷል” ይለኛል። መወጠሪያውን ሁለት ጥርስ ይጨምርበታል። ጎማዎቹን በእጁ ዳስሶ ይገባል፣ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፣ እንወርዳለን።